ለአባባ የተተወው ካሴት

ባለፈው ሰኞ ነርሷ መርፌ ልትወጋኝ ክንዴን በአልኮል ስትጠርግ፣ ሽታው ይዞኝ አዳማ፣ የአባቴ ቴፕ መጠገኛ ሱቅ ገባ። አባቴ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሞ፣ አልኮል እየነከረ የቴፖቹን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ ይጠርግ ነበር። የከሰዓት ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ገብታ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ላይ ታርፋለች።

ታላቅ ወንድሜ በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር ሳክስፎን ይነፋ ነበር። አንድ ቀን የአዲስ አበባ ጓደኛው የቀዳለትን የጃዝ ካሴት ይዞ መጣ። ምን ዓይነት ጃዝ መሰለህ! ምቱ አይያዝም፣ ዜማው ተጀምሮ ይጠፋል፣ ሳክስፎኑ እንዳሻው ይጮኻል። ሁለታችን ብቻችንን ሰማነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባዬ መጣ። እንዳያሾፍብኝ ፈርቼ ፊቴን አዞርኩ።

«እኔ መንፋት የምፈልገው እንዲህ ነው» አለኝ። «አባባ ከሰማልኝ ሌላው የፈለገውን ይበል።»

በማግስቱ ከመዘምራኑ ጋር ለአንድ ሳምንት አሰላ ሲሄድ፣ ካሴቱን አባቴ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «አባባ፣ አንዴ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማልኝ።»

አባቴ ከፈተው። ሬዲዮኑን ሊወስድ ከሁሩታ የመጣ ገበሬ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሳ። «ኦቦ፣ ኧረ ቴፑ ካሴቱን እየበላው ነው!»

አባቴ ቶሎ አጠፋው። ሄዱን ጠረገ፣ የሚያዞረውን ጎማ፣ ቺንጋውን፣ ቀየረ፣ በሌላ ቴፕ ሞከረው። ያው ነው። «ክሩ ነው የተበላሸው» አለና ምላጭ አነሳ። ሁለት ቀን ሙሉ የሚጮኸውን እየቆረጠ ጣለ፤ የቀረውን በፕላስተር ቀጠለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «አልተበላሸም፣ እንዲህ ነው» ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር። ግን ትንፋሹን ይዞ ለልጁ ሲለፋ ሳየው አሳዘነኝ። ደግሞ ያንን ጩኸት እንደወደድኩት ለመናገር አፈርኩ።

ወንድሜ ሲመለስ አባቴ ፊቱ እየበራ ሰጠው። «የተበላሸውን አውጥቼልሃለሁ። የቀረው ንጹህ ነው!»

የቀረው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለስለስ ያለ የባስ ጊታርና ትንሽ ፒያኖ። ወንድሜ ቆሞ ሰምቶ ጨረሰው። ወደ እኔ ሲያይ አቀረቀርኩ።

«እጅህ ይባረክ አባባ» አለ በመጨረሻ። «መቀጠያው እንኳ አይታወቅም።»

ከዚያ ወዲህ ማንንም ስሙልኝ ብሎ አያውቅም። እሑድ እሑድ የተሰጠውን መዝሙር አሳምሮ ይነፋ ነበር፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ በኩራት ይሰማው ነበር። በኋላ ወንድሜ መዝሙሩንም መንፋት ተወ። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል።

ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ደወልኩለት።

«ሳክስፎኑን የት አደረስከው?»

«አልጋ ሥር አለ። ለማን ልንፋው ብለሽ ነው?»

«ለእኔ» አልኩት። «ያኔ ወድጄው ነበር እኮ። ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ከበስተኋላው የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማኛል።

«አሁንማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ከንፈሬም እምቢ ይለኛል።»