አያታችንን ቀድሞ ያየ

አስጎብኚዋ ቶዋ ፈረንጆቿን የምትቆጥረው በፊታቸው አይደለም፣ በባርኔጣቸው ነው። ሰው ፊቱን ካዞረ ጠፋ ማለት ነው፤ ባርኔጣ ግን ከሩቅ ይታያል። የዚያን ቀን ጠዋት ከመርከቡ የወረዱላት ሃያ ሁለት ነበሩ። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ማማዎች ጋ ሃያ ሁለት፣ ገበያው ውስጥም ሃያ ሁለት። የባሕር ዳሩ ቋጥኞች ጋ ስትደርስ ሃያ አንድ ሆኑባት።

ደግማ ቆጠረች። ያው ሃያ አንድ ነው።

ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሰዓት አስር ጉዳይ። መርከቡ ንያ ትራንግ ከተማ ፊት ለፊት ባሕሩ መሃል ቆሟል፤ ሰው የሚያመላልሱት ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው። የመጨረሻዋ ጀልባ ልክ በሰባት ሰዓት ትነሳለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣን ሰው ማንም አይጠብቅም። ባለፈው ወር አንዱ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ጋ ቁጭ ብሎ ቀርቶባት፣ ቡድኗን ይዛ የደረሰችው ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ነበር። ያን ጊዜ አለቃዋ ኪየት ሰው ሁሉ ፊት "አንድ ጊዜ ብትደግሚው ከመርከብ ሥራ ስምሽን እሰርዘዋለሁ" አላት። ኪየት ደግሞ ያለውን ያደርጋል።

ሌላ ሥራ አታውቅም። አባቷ እዚሁ ከቋጥኞቹ ማዶ ያለው ሰፈር ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሷ ልጅ ሆና እነዚሁ ቋጥኞች ሥር የተጠበሰ በቆሎ ትሸጥ ነበር፤ እንግሊዝኛውንም የተማረችው ከበቆሎ ገዢዎች ነው። መጀመሪያ "ትኩስ ነው"ን፣ ከዚያ "ጥርስ ውስጥ ይገባል"ን። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የግማሽ ቀን ጉብኝቱን ዓይኗን ጨፍና ትመራዋለች።

"ሉክ! አንዷ የለችም!" አለችው የአውቶቡሱን ሾፌር።

ሉክ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሱፍ ይፈለፍላል። "ሰማያዊ ሻሽ ያላት አሮጊቷ ናት። በታች በኩል ስትወርድ አይቻታለሁ።"

"አይተሃት ዝም አልክ?"

"ምን ልበላት እትዬ? ቋንቋውን ከየት ላምጣ? እጄን አወዛወዝኩላት፣ እሷም አወዛወዘችልኝ።"

ቶዋ ጫማዋን አውልቃ በድንጋዮቹ መሃል ቁልቁል ሮጠች። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ከታች፣ ከላይ ሲያዩት የማይታይ ትንሽ አሸዋ አለ። አሮጊቷ እዚያ ተንበርክካለች። ሶልቬግ ነው ስሟ፣ ባሏ የሞተባት የኖርዌይ ሴት። ሻሿ ራሷ ላይ የለም።

ከፊቷ የተኛውን ነገር ቶዋ መጀመሪያ የተገለበጠ ጀልባ መሰላት። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ከዚያ ጭራውን አየች።

ዓሣ ነባሪ ነው። እነሱ ሰፈር ግን ዓሣ ነባሪ የሚል የለም፤ አያታችን ነው የሚባለው። ማዕበል ሲነሳ ጀልባውን በጀርባው ደግፎ የሚያወጣ እሱ ነው። ሞተም አይባልም፣ አረፈ ነው። አርፎ ወደ ዳርቻ ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ ያየው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ትልቅ ልጁ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ እስኪቀበር ድረስ ካጠገቡ ንቅንቅ አይልም። ያለ ትልቅ ልጅ አያታችንን የሚያነሳ እጅ የለም።

ቀድማ ያየችው ደግሞ ይኸው ተንበርክካ ታለቅሳለች። ሻሿን አውልቃ ዓይኑን ሸፍናለታለች።

"ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ፀሐይ እየመታው" አለች ሶልቬግ።

"እትዬ፣ መሄድ አለብን። አሁኑኑ።"

"ብቻውን ትተነው?"

ቶዋ እጇን ይዛ አስነሳቻት። ማንም አላየም። ውሃው ከሰዓት በኋላ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ያገኘዋል። አስር እርምጃ ያህል ሄዱ። ወንድሟ ሃይ ከሦስት ቀን በፊት ነው ባሕር የወጣው፤ ወሩ የነፋስ ወር ነው። አያታችንን ጥላ ብትሄድ እሱን ማን ይደግፈዋል? እዚያው ቆማ፣ አባቷ ይጣራ እንደነበረው ወደ ሰፈሩ ተጣራች፦

"አያታችን መጥቷል! ኑ! አያታችን መጥቷል!"

ከመቅጽበት ሰው ከየድንጋዩ ፈሰሰ። መረብ ሲጠግኑ የነበሩት መርፌያቸውን እንደያዙ መጡ። አባባ ቶንግ፣ የአያታችን መቅደስ ጠባቂ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። አሸዋው ላይ ተንበርክከው ሰገዱ። ከዚያ ሰማያዊውን ሻሽ አዩት።

"ዓይኑን የሸፈነ ማነው?"

ሶልቬግ ፊታቸውን እያየች ለመረዳት ትሞክራለች።

"ቀድሞ ያየው ማነው? ይናገር። ውሃው እየመጣ ነው።"

ቶዋ እውነቱን ብትናገር እነዚህ ሰዎች ሶልቬግን አይለቋትም። በክፋት አይደለም፤ እያከበሯት፣ ወንበር አምጥተው፣ ሻይ አቅርበው ያስቀምጧታል። መርከቡ ግን ይሄዳል። አያታችን ፊት መዋሸት ደግሞ... እናቷ ብትሰማ በጥፊ ትላት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሻሹም የኔ ነው።"

አባባ ቶንግ ረጅም ጊዜ አዩዋት። "የሟቹ የባይ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ አባባ።"

"አባትሽም በሃያ ዓመቱ አንዱን አግኝቶ ነበር። ሳይበላ ሁለት ቀን ጠበቀው።" ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አወጡና ግንባሯ ላይ አሰሩላት። "በቃ፣ ትልቅ ልጁ አንቺ ነሽ። ተቀመጪ።"

"አባባ፣ ላይ ሃያ አንድ ሰው ይጠብቀኛል። ይቺ ሃያ ሁለተኛዋ ናት። በሰባት ሰዓት ጀልባ ላይ ካላደረስኳቸው አገር ላገር መንከራተታቸው ነው። አድርሼ ልመለስ። በእግሬ እወድቃለሁ።"

"ልጅ አባቱን አጋድሞ ጉብኝት ይሄዳል?" አለች ከኋላ አንዲት ዓሣ ሻጭ። "ፎቶም ታነሻቸው ይሆናል!"

አንዳንዱ ሳቀ። አባባ ቶንግ አልሳቁም። ባሕሩን አዩት፣ መንገዱን አዩት።

"መንገድሽ በባሕር ዳር ነው?"

"እስከ ወደቡ ድረስ።"

"እንግዲያው ሂጂ። ዓይንሽ ግን ከውሃው ላይ እንዳይነሳ። ባሕሩን እያየሽ ከሆነ ካጠገቡ ነሽ። ዓይንሽን ካነሳሽ ግን ጥለሽው ሄደሻል፣ እኔም ሌላ ልጅ እፈልግለታለሁ።"

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ሌላ ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ቶዋ በሩ ጋ ቆማ፣ ጀርባዋን ለፈረንጆቹ ሰጥታ በመስኮቱ ባሕሩን ታያለች። ማይክሮፎኑን ይዛለች፣ ግን ምንም አትናገርም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ቆሟል። በረዶ የጫነ መኪና ጎማው ፈንድቶ አንዱን ረድፍ ዘግቶታል።

"እትዬ፣ ከድልድዩ እንደወረድን በመሃል ከተማ ልጠምዘዝ?" አለ ሉክ። "በባሕር ዳሩ ከሄድን አንደርስም።"

"በባሕር ዳሩ ሂድ።"

"ኧረ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ! ኪየት ይበላሻል!"

"በመሃል ከተማ ባሕር አለ? የለም። ሂድ ባልኩህ!"

ላቧ በነጩ ጨርቅ ሥር ይወርዳል። ከኋላ አንድ ሰውዬ "ስንት ሰዓት ነው የምንደርሰው?" እያለ ይጮሃል። ዞር ብላ ልትመልስለት አልቻለችም። ዓይኗ አቃጠላት፤ በየተራ ነበር የምታርገበግበው፣ አንዱ ሲዘጋ አንዱ እንዲያይ።

ሶልቬግ መጥታ ካጠገቧ ቆመች። "ሽማግሌው ምን ጠየቁ?"

"ማን ቀድሞ አየው ብለው።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እኔ አልኩ።"

"እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። እርስዎ ከሆኑ ግን ልጁ ሆነው ይቀራሉ። መርከቡ ይሄዳል።"

ሶልቬግ ወደ ኋላ ዞራ፣ የሚጮኸውን ሰውዬ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው አይታወቅም፤ ሰውዬው ግን እስከ ወደቡ ትንፍሽ አላለም።

የበረዶው መኪና ተገፍቶ ረድፉ ተከፈተ። ሉክ እጁን ከጥሩምባው ላይ ሳያነሳ ነዳ። ወደቡ በር ላይ ሲቆሙ ለሰባት ሁለት ደቂቃ ይቀራል። የጀልባዋ ገመድ እየተፈታ ነው። ኪየት እጁን እያወናጨፈ ሮጠ።

"ሩጡ! ሩጡ! ቶዋ፣ ራስሽ ላይ ያለው ምንድነው? እንግዳ ፊት ለቅሶ ትደርሻለሽ እንዴ?"

ቶዋ አንገቷን ወደ ባሕሩ እንዳዞረች፣ በእጇ እየዳሰሰች አሳፈረቻቸው። ሃያ። ሃያ አንድ። የመጨረሻዋ ሶልቬግ ነበረች። ሳትሳፈር ቆመችና የእጇን አንጓ ዘረጋች፤ በጣቷ የቶዋን ግንባር አሳየች። ቶዋ ገባት። የጨርቋን ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ እጇ ላይ አሰረችላት።

"ገመዱ ተፈቷል!" ብሎ ጮኸ ጀልበኛው። ሶልቬግን በሁለት ብብቷ አንስቶ አስገባት።

ጀልባዋ ስትርቅ ኪየት ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ። "ደረስሽ፤ እሱስ ጥሩ። ከእንግዲህ ግን ያንን ነገር አድርገሽ እንዳትመጪ። ወይ አውልቂው፣ ወይ ቅሪ።"

ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ወደ ቋጥኞቹ ልትመለስ ሄደች። የሉክ አውቶቡስ ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

አያታችንን አመሻሽ ላይ ቀበሩት። አባባ ቶንግ "ዓይንሽን አነሳሽ?" ሲሉ "አላነሳሁም" አለች፤ ይሄኛውስ እውነት ነው። ትልቅ ልጅ ስለሆነች የመጀመሪያውን አፈር የምትጥለው እሷ ነበረች። ሰማያዊውን ሻሽ ዓይኑ ላይ እንዳለ ተዉት። አፈሩን ይዛ ጎንበስ አለች፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት በጣም ቀስ ብላ፦

"አያታችን፣ ይቅር በለኝ። ትልቋ ልጅህ እኔ አይደለሁም። ትልቋ አሁን ባሕር ላይ ናት፤ ጨርቁን አስራለች። አንተ ጋ ነች። ወንድሜም እዚያው ነው፣ እሱንም ተመልከትልኝ።"

ወንድሟ በማግስቱ ጠዋት ባዶ መረብ ይዞ ገባ። ሾርባ ስታቀርብለት ስልኳ ጮኸ። ኪየት ነው።

"ነገ ሃያ ስድስት ሰው አለ። ጨርቁ አሁንም ራስሽ ላይ ነው?"

"ሐዘኑ መቶ ቀን ነው፤ እስከዚያ አይወልቅም።"

ከበስተጀርባው የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ እናቱ ሳትሆን አትቀርም፣ እየተቆጣችው ነው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ከራስሽ ኋላ እሰሪውና የሣር ባርኔጣሽን ከላይ ድፊበት። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ። እንዳታረፍጂ።"