አሜን ያልኩባቸው ሦስት አርቦች

ረቡዕ፣ ዲኪል (ጅቡቲ)

የልጄን ሞት ያረዳኝ የማላውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሱም ቢሆን እያረዳኝ መሆኑን አላወቀም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አሠሪዬ ማዳም ቲማቲምና ሎሚ ግዢ ብላ ልካኝ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ወደ ጋላፊ የሚሄዱት መኪኖች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አንድ የኢትዮጵያ ተሳቢ ጎማ ያስቀይራል። ሹፌሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ አተኩሮ አየኝና ጠጋ አለ።

«የኮምቦልቻዋ ዘነቡ አይደለሽም? የአብነት እናት?»

«ነኝ» አልኩት። ደስ አለኝ። በዚያ በረሃ ስሜን የሚያውቅ የአገሬ ሰው አገኘሁ ብዬ ሳቅኩለት።

ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጽናሽ እናቴ። አርባው ላይ ነበርኩ። እህትሽ ደህና አድርጋ አበላች፤ ሰዉም ብዙ ነበር።»

«የማን አርባ?»

ሰውየው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። «የነገሩሽ መስሎኝ ነው… ከፋሲካ በኋላ እኮ ነው… ይቅር በይኝ» እያለ ወደ መኪናው ተመለሰ።  ቲማቲሙን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ሎሚውን ረስቼዋለሁ።

አብነት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እህቴ «የመንገድ ሥራ ገብቷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም» ስትለኝ አመንኳት። አምኜ ብቻ አልቀረሁም፣ ሥራ አገኘ ብዬ አመሰገንኩ።

ለእህቴ ያን ቀን አልደወልኩላትም። መጀመሪያ ፊት ለፊት የማናግራቸው ሰዎች ጅቡቲ ከተማ ነበሩ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር በእትዬ አስካለ ቤት የእናቶች ማኅበር አለን። እትዬ አስካለ አያታቸው በባቡሩ ዘመን መጥተው የቀሩ፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። የቀረነው በሰው ቤት ሠራተኞች ነን። የማርያም ዕለት ማን ፈቃድ ይሰጠናል? ስለዚህ ሃያ አንድ ካለፈ በኋላ በሚውለው አርብ፣ በእረፍታችን ቀን፣ እንሰበሰባለን። እትዬ አስካለ የልጆቻችንን የክርስትና ስም ከደብተር ያነባሉ። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ሁላችንም «አሜን፣ ይጠብቅልን» እንላለን፤ የልጁ እናት ደግሞ የልቧን ልመና ትጨምርበታለች።

በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ «ወልደ ሰንበት» ተብሎ የልጄ ስም ሲጠራ እኔ ምን ጨመርኩ? «ደግ ሚስት ስጥልኝ። ዘሩን ባርክልኝ። የልጆቹን ልጆች ሳላይ አትውሰደኝ» አልኩ። ሃያ ምናምን ሴቶች «አሜን» አሉልኝ። ከነሱ ውስጥ ማን ያውቅ ነበር? አርብ የሄድኩት ይህን ለመጠየቅና የልጄን ስም ከሕያዋኑ መካከል አስወጥቼ በቦታው ለማስገባት ነው። ለቅሶ ለመቀመጥ አልሄድኩም።

ማዳም ስትሰማ «ኢና ሊላሂ» አለችና ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። ቆየት ብላ ጠየቀችኝ። «ልጅ ሞቶ ለእናቱ አይነገርም? ሃይማኖታችሁ እንዲህ ነው የሚለው?»

«ሃይማኖታችን አይልም» አልኳት። «ልማዳችን ነው።» ይህን ስናገር አፈርኩ።

አርብ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ያገሬ ሰው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲያይ ሐዘንተኛ መሆኔን ያውቃል፤ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሚኒባሱ ሺህ ፍራንክ ነው። ገና ሳይነጋ ይሞቃል፣ ከነጋ በኋላ ደግሞ የሐምሌው ነፋስ አሸዋውን ይዞ ይመጣል። ከጎኔ የግመል ወተት በጄሪካን የያዘች የአፋር ሴት ተቀምጣለች።

ግራንድ ባራ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ያ ሜዳ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ መንገዱ ብቻ ተዘርግቷል። ከፊታችን የኢትዮጵያ መኪኖች ተከታትለው ይመጣሉ። እያንዳንዱን ሹፌር በመስኮት አየሁ። ይኼስ ያውቅ ይሆን? ያኛውስ? በዚህ መንገድ ማዳበሪያው ያልፋል፣ ስንዴው ያልፋል፣ ብረቱ ያልፋል። ጫቱ እንኳ ከአገራችን ጠዋት ተቆርጦ ቀትር ላይ ጅቡቲ ይሸጣል። የልጄ ሞት ግን ሦስት ወር ፈጀበት።

ጥርሴን ስነክስ ወተት ሻጯ አየችኝ መሰለኝ፣ በአረብኛ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። በምችላት አረብኛ «ልጄ ሞተ» አልኳት። ደረቷን መታች። «መቼ? ዛሬ? ትናንት?»

 ልጄ የሞተበትን ቀን አላውቅም ነበር! የወለድኩበትን ቀን፣ ክርስትና ያስነሳሁበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ጥርሱ የወጣበትን ሳምንት አውቃለሁ። ይህን ቀን ግን ሌሎች ያውቁታል፣ እኔን ደብቀውኛል። ሴትየዋ በጄሪካኑ ክዳን ወተት ቀድታ ሰጠችኝ፤ አርብ መሆኑን ነግሬያት መለስኩላት። አልተቀየመችም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ምኒልክ አደባባይ

ከተማው መግቢያ፣ ፒኬ 12 ላይ ወደ ወደቡና ወደ ነፃ ንግድ ቀጠናው የሚገቡ መኪኖች ተሰልፈው ግማሽ ሰዓት አቆሙን። ከዚያ በባልባላ ሰፈር አልፈን ከተማ ገባን። በሃምሳ ፍራንክ አውቶቡስ ምኒልክ አደባባይ ወረድኩ። ጥሩዬ እንደ ወትሮው ከሱቆቹ በረንዳ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ አብረን ነው የተሰደድነው፤ ፈረንሳዮች ቤት ትሠራለች። ከሩቅ እየሳቀች እጇን አነሳች። ነጠላዬን ስታይ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ጥሩዬ፣ ቀኑን ንገሪኝ።»

«ዘኒዬ… ማን ነገረሽ?»

«ማን እንደነገረኝ አልጠየቅኩሽም። ቀኑን።»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ። ውሃ ላምጣልሽ፣ ፊትሽ እኮ…»

«ቀኑን!»

አጠገባችን ካለው ካፌ ውስጥ ሰዎች ዞረው አዩን። «የዳግማ ትንሣኤ ማግስት» አለች። «ሰኞ። ሦስት ቀን ነው የታመመው። ወባ ነው አሉ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። የሚያዝያው ማኅበራችን ከዚያ ሰኞ በኋላ ባለው አርብ ነበር። «ያን አርብ ከጎኔ ነበርሽ። ታውቂ ነበር?»

«ሐሙስ ማታ ደወሉልኝ።»

«አርብ ግን ‹አሜን› ብለሻል።»

«ምን ልበል ታዲያ? ዝም ብል ትጠረጥሪ አልነበር?» ማልቀስ ጀመረች። «ዲኪል ማን አለሽ? በሰው ኩሽና ውስጥ ብቻሽን ስትወድቂ ማን ያነሳሻል? እህትሽ ‹ለመስቀል ስትመጣ እኛው እናረዳታለን› ብላ አስምላኛለች። እኔ ጠላትሽ ነኝ?»

«ለቅሶዬን ለመስቀል አስቀመጣችሁልኝ። እሺ። ጸሎቴንስ? ፍትሐት ሲደረስለት እኔ ሠርጉን ስለምን ነበር። አርባው ሲወጣ ስለ ልጆቹ ልጆች ስሰግድ ነበር። ሰማንያውም አልፏል። በአምላክ ፊት መቀለጃ ነው ያደረጋችሁኝ!»

«እሱ ያውቃል፣ ዘኒ። ልመናሽን ወደሚገባው ይመልሰዋል።»

«እሱማ ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ!»

ዓይኗን ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ? የማኅበርተኛችን የአልማዝ አባት የሞቱ ጊዜ ‹እስክትወልድ ትንፍሽ እንዳትሉ› ያለችው ማን ነበረች? እኔ ነበርኩ?»

 እኔ ነበርኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። «አባት ሌላ ነው» አልኩ።

«ለማን?» አለችኝ።

የባሰ ተናደድኩ። ጥያት ሄጄ እስከ ቀትር በከተማው ስዞር ቆየሁ። ጥሩዬ አልተወችኝም፤ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዬ እየተከተለች ካርቲየ 6 ድረስ መጣች። የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰዉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ጫት ሻጮቹ ብቻ በእርጥብ ጆንያ የሸፈኑትን ይዘው ጥላ ሥር ይጣራሉ። አንዷ «ሐበሺያ፣ ነይ!» ብላ ጠራችኝና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ስምንት ሰዓት፣ ካርቲየ 6

ክፍሉ ሞልቷል። ሽሮውና የምስር ሳምቡሳው ቀርቧል፣ ቬንቲሌተሩ ይሽከረከራል። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነጠላዬን አዩ፤ ማንም «ምነው?» አላለኝም። ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ግማሾቹ ወዲያው «ወይኔ ዘኒ! ወይኔ የኔ እናት!» ብለው ተነሱ። ማን ያውቅ እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም። ደንግጠው እርስ በርስ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» የተባባሉት አራት ወይ አምስት ነበሩ።

አንዷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ማነው እንዲህ ያረዳሽ? ማነው ያ ጨካኝ?» አለች።

ጨካኙ የነገረኝ ሆነ እኮ!

«አታልቅሱ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ። «እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። ተቀመጡ። እትዬ፣ ደብተሩን ያንብቡልን።»

«ልጄ፣ ዛሬ ደብተሩ ይቆይ» አሉ እትዬ አስካለ። «አንቺን እናጽናና። ጉልበትም የለኝም።»

«ሦስት ጊዜ ጉልበት ነበረዎት።»

በዕድሜዬ ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ግን መልሼ አልዋጥኩትም። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አጠለቁ። ማንበብ ጀመሩ። አንድ ስም፣ «አሜን፣ ይጠብቅልን።» ሌላ ስም፣ «አሜን፣ ይጠብቅልን።» የልጄ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያንብቡት።»

«ወልደ ሰንበት» አሉ በቀጭኑ።

«ይጠብቅልን» ያለ አልነበረም። «ነፍሱን ይማርልኝ» አልኩ እኔ። «ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልኝ።» ያኔ ነው በትክክል የጸለይኩለት፤ በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ። እትዬ አስካለ ስሙን በእስክሪብቶ ሰረዙና ከኋላ፣ ያረፉት በሚጻፉበት ገጽ ላይ ጻፉት። ሰኞ የሚለውንም አስጻፍኳቸው። የሄድኩለት ነገር በዚህ አልቆ ነበር።

«የቀሩትንም ይጨርሱ» አልኳቸው። የሰው ልጅ ጸሎት በእኔ ምክንያት አይቅር ብዬ ነው። እያንዳንዷ ሴት ስለ ልጇ ስትለምን ፊቷን አየሁ፤ ትምህርቱን ግለጽለት፣ ከክፉ ባልንጀራ ሰውራት፣ ለወግ ለማዕረግ አብቃልኝ። ቁጣዬ ትንሽ ረገብ አለ።

ከዚያ አንድ ስም ተነበበ። ከመስኮቱ በኩል ካሉት ሴቶች ከአንዷም ድምፅ አልወጣም። እንዳልዘነጉ ያወቅኩት አንገታቸውን በአንድነት ስለደፉ ነው። እትዬ አስካለ ገጹን ቶሎ ገለጡ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ «አሜን» ብላ፣ ጮክ ብላ፣ ፊቷን ወደ ሥዕለ ማርያም አንስታ የለመነች አንዲት ሴት ነበረች። እናቱ ናት።

እኔ ምን አደረግኩ? ከጠዋት ጀምሮ የጮህኩት ሴትዮ ዝም አልኩ። ሲያልቅ መጥታ አቀፈችኝና «የኔንም ይጠብቅልኝ፣ ዘኒ፣ አንቺን ሳይ ሆዴ ባባ» አለችኝ። «አሜን» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ወደ ዲኪል

እትዬ አስካለ ቤት አድሬ ጠዋት ተመለስኩ። መንገዱ ያው ነው፤ ሙቀቱ፣ አሸዋው፣ መኪኖቹ። ጥሩዬ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ፣ ዳቦና ውሃ በመስኮት አቀበለችኝ፤ ስለዚያ ስም ስጠይቃት ግን «እኔ አላውቅም» ብላ ሌላ ወገን አየች። ግራንድ ባራን ሳቋርጥ በእህቴም በጥሩዬም አልነበረም የምናደደው፣ በራሴ ነበር። ያን «አሜን» ከአፌ ማን አወጣው? በምን ልብ ነው ማታውን ስለ ሰው ጭካኔ ስማረር ያመሸሁት?

አምስት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ማዳም ወጡን ራሷ ሠርታ ጠበቀችኝ። ክፍሌ ገብቼ እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ብዙ ተጯጯህን፣ በኋላ አብረን አለቀስን። ከዚህ ጉዞ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ እናት ለልጇ የምትጸልየው ከእውነቱ ተነስታ ነው። ታመመ ሲሏት ማርልኝ ትላለች፣ ታሰረ ሲሏት አስፈታልኝ፣ ሞተ ሲሏት ነፍሱን ተቀበልልኝ። እውነቱን የደበቃት ሰው እንባዋን አላዳነላትም፤ ከልጇ ጋር የቀራትን አንዲት መንገድ ነው የዘጋባት።

አሁን በዚያ አርብ በዚያ ክፍል ለነበራችሁ ሁሉ ልመና አለኝ። የልጁን ስም አልጻፍኩም፣ የእናቱንም አልጻፍኩም፣ የየት አገር ሰው እንደሆነችም አልተናገርኩም። ይህን የሚያነቡ የማኅበራችን እናቶች ሁሉ ይደነግጣሉ፤ ይደንግጡ፣ ይደውሉ፣ የልጃቸውን ድምፅ በጆሯቸው ይስሙ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ከተሳሳትኩ ንገሩኝ፣ እግራችሁ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እንደዚያ ደስ የሚለኝ ነገርም የለም። ካልተሳሳትኩ ግን የነሐሴው አርብ ሳይደርስ ሁለት ሆናችሁ በቀን ሂዱላት። ማዳሟን አስፈቅዱላት። እኔንም ጥሩኝ፣ ከዲኪል እመጣለሁ። አስቀምጧትና መጀመሪያ የትኛው ቀን እንደሆነ ንገሯት፤ ማልቀሱን ራሷ ታውቅበታለች።