ቅዳሜ ረፋድ ላይ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቢላዋ» ነው የሚሉት። በእጁስ ሽንኩርት እንኳ በወጉ አይከትፍም፤ ስሙን ያተረፈለት የጻፈው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የስፖንጅን ወይም የአጥንትን ምስል በስሱ ይቆርጥና፣ ከጥቂት ቁራጭ ተነሥቶ የሙሉውን ይዘት፣ የቀዳዳዎቹን የውስጥ ስፋት፣ የግድግዳዎቹን መያያዝ ይገምታል። እግዜር እንዳሻው የበተነውን ቅርጽ ሁሉንም ልለካ ላለ ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

አባቱንም የሚገምተው እንዲሁ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በቪዲዮ ሲደውል፣ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

«እንደ ብረት ነኝ! ይልቅ አንተ ከሳህ» ይሉታል።

ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ አያቸውና «አባዬ ደህና ነው» ብሎ ደመደመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የተማረ ሞኝማ ይብሳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የስፖንጅ ፋብሪካ መሐንዲስ ግራ ገብቷት መጣች። በፕሮግራሙ ግምት ጠንካራ የሆነው ስፖንጅ፣ ሰው ሲቀመጥበት ይቀደዳል። ቢላዋ ቁጥሮቹን ገና ሲያይ ሳቀባት።

«እኅቴ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ በዕጣ ይውጣ ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፎልሻል እኮ! ስፖንጁ ንብርብር ነው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። እኩል እየዘለልሽ ስትቆርጪ ሁልጊዜ ወፍራሙ ላይ አረፍሽ። መቶ ጊዜ ብታዪውስ ምን ዋጋ አለው? ያየሽው ደህናውን ብቻ ነው።»

ተናግሮ ሳይጨርስ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ኮሪደር ወጥቶ ለአባቱ ደወለ።

ስልኩን ያነሡት የአባቱ ጎረቤት፣ አንዲት እናት ናቸው። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እኮ ልጄ» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «እንዳትነግሪው ብለው አስምለውኝ ነው እንጂ… ካንሰር ነው። ሳምንቱን ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጠንካራውን ማስታገሻ ለቅዳሜ ያቆዩታል። ዓርብ ዓርብ እኔ ነኝ የምላጫቸው።»

አውቶቡስ ውስጥ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አለቀሰ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ደረሰ። አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩት፤ አላወቁትም።

«ልጄ ሊደውል ነው» አሉ። «ሸሚዜን አቀብለኝ። እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ።»

«እኔ ነኝ አባዬ» ሊል ነበር፤ አንጀቱ እምቢ አለው። የቅዳሜዋን ኪኒን አስዋጣቸው። ሸሚዙን አልብሶ ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እስከ አንገት ቆለፈላቸው። ከዚያ የአባቱን ስልክ ለጎረቤትየዋ ሰጥቶ ወጣ፤ በሩን ዘግቶ እዚያው ቆመና በራሱ ስልክ ደወለ።

የአባቱ ድምፅ በስልኩም በበሩም መጣ።

«እንደ ብረት ነኝ! ይልቅ አንተ ከሳህ።»