ሁለቱን አምጥተው ያሳዩኝ

የተያዝሁት በፍኖተ ሰላም ዳርቻ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ትይዩ ቆሜ በርቀት መነጽር ወደ ጣራው ስመለከት ነው። ያሰሩኝ ቡሬ ውስጥ በሚገኝ የእህል መጋዘን ነበር። የነቀዘ በቆሎ ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው ከቆርቆሮው ሥር ካለች አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው።

መርማሪው የልጄ እኩያ ነው።

"ከፎቁ ጀርባ ያለውን የወታደር ካምፕ ነበር የሚያዩት?"

"ወፍ ነበር የማየው" አልሁት። ሳይንሱ ስዊፍት ስለሚላቸው፣ መንታ ስለሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች አስረዳሁት። አንደኛው የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ በላያችን የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው፣ የኒያንዛ ስዊፍት የሚባለው፣ እዚሁ በገደላችንና በፎቃችን ስንጥቅ ይፈለፍላል፤ ቡናማነቱ ይጎላል፣ የውስጥ ክንፉ ፈዘዝ ይላል።

"የውጭው ማንን ሊያገኝ ይመጣል?" ብሎ ሳቀ። "እንግዲያው ሁለቱን አምጥተው ያሳዩኝ። ልዩነቱን በዓይኔ ካየሁ ያን ቀን ቤትዎ ይገባሉ።"

ከቀናት በኋላ አንዲት ወፍ በመስኮቷ ገብታ ከግድግዳው ተጋጨችና ወደቀች። አብሮን የታሰረ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ የመጣ ገበሬ አፈፍ አድርጎ ሰጠኝ።

"መምህር፣ መፈቻዎ ከጣራ ወረደችልዎ! በጋቢዎ ጠቅልለው ያቆዩዋት፤ ሰውዬው ነገ ይመጣል።"

"እሱ ያለው ሁለት ነው።"

"እንግዲያስ ግማሽዎን ይፍታዎት!"

እስረኛው ሁሉ ሳቀ። ክንፏን ዘርግቼ አየሁ፤ የኒያንዛዋ ናት። አልተሰበረችም። ስዊፍት የምትመገበው በአየር ላይ እየበረረች ነው፤ እስከ ነገ በጋቢ ብትታፈን ለመርማሪው የማሳየው በድኗን ይሆናል። መውጣት እፈልግ ነበር፤ ባለቤቴ የት እንዳለሁ እንኳ አታውቅም።

"ወንድሜ፣ ትከሻህን አውሰኝ" አልሁት።

"ኧረ መምህር!" አለ፤ ግን ተንበረከከ። በትከሻው ላይ ወጥቼ እጄን በመስኮቷ አወጣሁና መዳፌን ከፈትሁ። ጥቂት ቆየች። ከዚያ እጄ ቀለለኝ።

በማግስቱ መርማሪው "ወፎቹስ?" አለኝ።

"አንዷ መጥታ ነበር፤ ሄደች።"

"ወዴት?"

"ወደ ሥራዋ።"

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ለምን እንደታሰርሁ ሳይነገረኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ወጣሁ። ፎቁ ፈርሶ ጠበቀኝ። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ያኛው ስዊፍት ተመናመነ ተብሎ የእንጨት ጎጆ ይሰቀልለታል። የእኛዋን የሚቆጥራት ሰው አላውቅም። የመጥፋት አደጋ በሚመዘንበት ዓለም አቀፍ የዝርያዎች መዝገብ ሁለቱም በአንድ መደብ ሰፍረዋል፤ እምብዛም የማያሳስቡ ተብለው።

ዛሬም መስከረም ሲጠባ እዚያው ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ። የርቀት መነጽሬን አልመለሱልኝም። በባዶ ዓይን የትኛዋ እንግዳ፣ የትኛዋ የእኛ እንደሆነች መለየት አልችልም፤ ለሚጠይቀኝም አላውቅም እላለሁ።