ስም ሳይወጣላት

ነገር መቼም እኔን አያጣኝም። እዚህ እስራኤል፣ ከካርሜ ጋት ሰፈር ስመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

«ላቦራቶሪ ነው፣ እማማ። እናትን ሳይጎዳ አብሯት ኖሮ አራሱን ሕፃን የሚገድል ባክቴሪያ አለ። ዘረመሉን እናነባለን፤ ለክትባት ይረዳል፣ መድኃኒት የማይበግረውንም እንለይበታለን።»

«ስም አለው?»

«ለየዝርያው መለያ ስም እንሰጣለን።»

«የኔዋን ልጅ ጎንደር ሳለን፣ በተወለደች በማግስቱ ትኩሳት ወሰዳት። ስም ሳይወጣላት። ማን ብዬ ላልቅስላት? አንቺስ ስምሽ ማነው?»

«ጥሩወርቅ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው «ጥሩዬ፣ ልጄ! የት ሄድሽብኝ!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።

ሾፌሩ በዕብራይስጥ «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።