የሰው እናት በግድ ሰላም አትባልም

ባለቤቴ በሥራዋ ቆራጭ፣ በጠባይዋ ቆራጥ ናት። ይህን ቀልድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የምስቅበትም እኔ ብቻ ነኝ። የምትሠራው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ነው። ጨርቁን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደራርባ ታነጥፋለች፣ በሳሙና ቁራጭ ታሰምርበታለች፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ይዛ ትገባበታለች። እጇ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሱሪ ሳይሆን የተደራረበው ሁሉ ነው። ስለዚህ እጇ አይንቀጠቀጥም። ጣጣው ምላሷም አለመንቀጥቀጡ ነው።

እኛ ካቶሊኮች ነን። የስፌት ቤቱ የቀድሞ አሠሪ ግን የሌላ ቤተ እምነት ሰው ነበር። አንድ ሰሞን መንፈሳዊነቱ ጠበቀበትና፣ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ በእሱ ሥርዓት እንዲጸልይ አዘዘ። ሁሉም እሺ ብሎ ገባ፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ቀረች። «ጸሎት እወዳለሁ፤ ታዝዤ ግን አልጸልይም» አለችው። ሰውየውም ከቁረጣው ጠረጴዛ አንስቶ ቁልፍ ወደሚተከልበት ጥግ ወረወራት። ያቺን የመሰለች ቆራጭ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል መዋል! እኔ በንዴት ስጨስ እሷ ታጽናናኝ ነበር። «ቄሳችን አባ ያስተማሩንን ረሳኸው እንዴ? ሰው ወዶና አምኖ እንጂ ተገዶ ወደ እምነት አይገባም፤ ተገዶም ከእምነቱ አይወጣም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነው» ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ያኔ ኮርቼባት ነበር። ለሰማኝ ሁሉ አወራሁላት።

ኋላ ሰውየው ቤቱን ሸጦ ሄደ። የገዛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኛው ሰው! በቅዳሴ ከፊታችን ያለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ፣ ስንወጣ ልጆቻችንን ጉንጫቸውን ቆንጠጥ የሚያደርግ የቁምስናችን፣ የአጥቢያችን ሰው። በመጣ በሳምንቱ ባለቤቴን ከቁልፉ ጥግ አስነስቶ ወደ ጠረጴዛዋ መለሳት፤ የቁረጣ ክፍሉም ኃላፊ አደረጋት። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ለእምነቷ የቆመች ጀግና» አላት። ያን ቀን ቤት ስትገባ መሬቱን የምትረግጥ አይመስልም ነበር። እኔማ አለቀልኝ፣ ጮቤ ረገጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ አሠሪ የእመቤታችንን ሐውልት አምጥቶ ከማሽኖቹ ፊት አቆመና፣ ጠዋት ጠዋት «ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም» እየተባለ መቁጠሪያ ይደገም አለ። «ማንም አይገደድም» ብሎ በሚያምር አንደበት ተናገረ። ግን በጸሎቱ ሰዓት በሩ ይቆለፋል፤ ውጭ የተገኘ ደግሞ አርፋጅ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንዲህ ነው። ባለቤቴ የጸሎቱ መሪ ሆነች። አልዋሽም፣ ደስ ብሏት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ጸሎት እዚያ ክፉ ቀን ያሳለፈችበት ቤት ውስጥ ሲሰማ እንዴት ደስ አይላት? በሩን እንዳላየች ሆነች። እኔም እንዳላየች እንድትሆን ፈልጌያለሁ።

ከዚያ አሠሪው ጸሎቱን ሰው ሁሉ በየተራ ይምራ አለና ነገር መጣ። ተራው የተኳሹ ሆነ። ተኳሹ ስሙን ለሰማ ወታደር ይመስላል እንጂ በዕድሜው የተኮሰው ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ነው፤ ካውያ ነው መሣሪያው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው። እስከዚያ ቀን ከኋላ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያሳልፈው ነበር። ያን ጠዋት በጆሮው የለቀመውን ይዞ ወደ ፊት ወጣ። ግን እሱ በጸሎት የሚያናግረው ፈጣሪውን ብቻ ነው፤ ምላሱ የለመደው «አንተ» ማለትን ነው። ጀመረ፣ ደህና ሄደ ሄደና እመቤታችንን «ከሴቶች ሁሉ የተባረክህ ነህ» አላት።

ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው፣ በሚሰፉት እጅጌ፣ በያዙት ሁሉ አፍነው ሳቁ። አሠሪው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ድገመው!» አለው። ሰውየው ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ ያንኑ ደገመው። «ነሽ! ነሽ በል! እንደገና!» ተኳሹ ሚስት ያለው፣ የልጆች አባት፣ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ላቡ በአንገቱ እየወረደ «ነህ» እና «ነሽ» ውስጥ ሲዋኝ ሳቁ እየከሰመ ሄደ። ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ባለቤቴ ከቆመችበት ወጣች። «ጋሼ፣ ይብቃው» አለች።

«ምኑ ነው የሚበቃው? በሥርዓቱ ይጥራት እንጂ!»

«እናቴ ናት። የሰው እናት በግድ ሰላም አትባልም።»

«ያኔ አንቺን ሲያስገድዱሽ ጀግና ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ? የዚያኛው እኮ ስህተት ነበር። የእኛ እውነት ነው!»

«እውነት ስለሆነ ነዋ! እውነት ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» ብላ በሩን አሳየችው።

አሠሪው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ «ቁልፍ ነው አይደል የጠላሽው? እንግዲያው ሂጂና ቁልፍ ትከይ» አላት። ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ጥግ ሰጣት። በዚህ ቀልድም ራሱ ሳቀበት አሉ።

ቤት መጥታ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። በእሱ ይመስላችኋል? በእሷ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። «በባዕድ ላይ ስትነሺ ልክ ነበርሽ፤ ሰው በገዛ ወገኑ ላይ ይነሳል?» አልኳት። «አባ ያስተማሩኝ እኮ ከባዕድ ሲመጣ ብቻ ብለው አይደለም» አለችኝ። ሙግቱን ለእሳቸው ይዛ ሄደች። አባም ሰምተው ሰምተው «ልክ ነሽ ልጄ፣ ትምህርታችን እንደዚያ ነው» አሏት። «እንግዲያው ለእሱ ይንገሩልኛ!» ብትላቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጣሪያ የሚያሠራው አሠሪው መሆኑን አስታውሰው «በጸሎት እናስበዋለን» አሉ። ከዚያ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ተኳሹ ነው። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ቤታችን መጣ። ሊያመሰግናት ነው ብዬ ወንበር ሳብኩለት። አልቀመጥም አለ።

«እትዬ፣ ማን ጠበቃ ሁኚልኝ አለሽ?» አላት። «አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ አስተካክዬው እገላገል ነበር። ቁርጤን አውቄ እኖር ነበር፤ አሁን አሠሪው ‹ከእሷ ጋር መክሮ ነው› ብሎ በክፉ ዓይን ያየኝ ጀመር። አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ፤ እኔን ካባረረኝ ልጆቼ ምን ይሆናሉ?»

እኔ ዘልዬ ልነሳበት ስል እጄን ያዘችኝ። «እውነትህን ነው፤ አንተን ሳልጠይቅ በአንተ ስም ተናገርኩ» አለችው። እሱም የጠበቀው መልስ ይህ አልነበረም መሰለኝ፣ ደህና እደሩ ሳይል ወጣ። እስካሁን ጠዋት ጠዋት ይጸልያል። ሌሎቹም ይጸልያሉ። በሩም ይቆለፋል። ባለቤቴ ውጭ ትቆማለች፣ አርፋጅ ተብላ ትገባለች፣ ቁልፏን ትተክላለች። ምን ተለወጠ? ምንም!

ያልነገረችኝ አንድ ነገር ነበር። እኛ ቤት ከእራት በኋላ መቁጠሪያ እንደግማለን፤ እሷ ጸሎቱን ታወጣለች፣ እኔና ልጆቹ እንቀበላለን። ከዚያን ሰሞን ወዲህ አንቺ አውጪ ስላት ዛሬ አንተ አውጣ እያለች ቆየች። ትናንት እኔ ጀመርኩ። ልጆቹ ይቀበላሉ፣ የእሷ ድምፅ የለም። ዞር ብዬ ባያት አፏን ገጥማ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ስጀምረው የተኳሹ ላብ ይታየኛል» አለች። «አልወጣልህ አለኝ።»

ይኸውላችሁ፣ አሠሪው ጠረጴዛዋን ብቻ መስሎኝ ነበር የወሰደባት። ግን የሰማሁትን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ደክሞኝ ነበር፣ በሰውየው፣ በአባ፣ በተኳሹ፣ በእሷም ተናድጄ ነበር፤ ልጆቹም እያዩን ነበር።

«ተይ እንጂ አሁን፣ ተቀበይ!» ብዬ ጮህኩባት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«አንተም ጀመርክ?» አለችኝ።

ትንሿ ልጄ እኔንና እናቷን እያፈራረቀች ታያለች። ባለቤቴ ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ እኔ መቁጠሪያውን እንደያዝኩ የቱ ጋ እንደደረስኩ ጠፋኝ።