ወንድሜ የቋጠረው ክር

አባቴ ግራኝ ናቸው። ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ እያረሱ፣ ከእርሻ በተረፋቸው ጊዜ የቃጫ ገመድ እየገመዱ ነው ያረጁት። ገመዱ ሲያልቅ ጫፉ እንዳይበተን የሚዘጉበት ቋጠሮ እንደ ሌላው ሰው ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ይዞራል፤ ገበያ ላይም ሥራቸው የሚለየው በዚያ ነበር። «የግራኙ ነው» ይላል ገዢው፣ ጎትቶ እንኳ ሳይሞክር ይዞት ይሄዳል። ዛሬ ያ ገበያ የለም። የገደለው የላስቲክ ገመድ ነው፤ እሱን ደግሞ መርሳ ያለችው ሱቄ በር ላይ ሰቅዬ የምሸጠው እኔ ነኝ። አባቴ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩበታል። «ምን ላድርግ አባዬ፣ ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው» እላለሁ። «ኤድያ!» ብለው ይቀመጣሉ።

ታናሽ ወንድሜ ሹፌር ነበር፤ የሚኖረውም ከእኔ ጋር፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። አባቴ በእሱ ላይ የነበራቸው ቅሬታ አንድ ነው፦ ሙያቸውን ንቆ መሪ መጨበጡ። «ከኔ አንድ ነገር አልወሰደም፤ የገመድ ጫፍ መዝጋት እንኳ አያውቅም» ይሉ ነበር፤ ለጎረቤቱም፣ ለንስሐ አባታቸውም፣ ለራሱም ፊት ለፊት። እሱ ይስቃል። የምናደደው እኔ ነበርኩ።

የእረፍት ቀኑ ሲደርስ በውርጌሳ አድርጎ ሐይቅ ድረስ ይሄዳል፣ ዓሣ ሊያጠምድ። ደጋ ያደገ ሰው ለዓሣ ምን አግብቶት እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አምባዛ ይዞ ሲመጣ «ይሄን ባለ ጢም ከቤቴ አውጣልኝ!» እለው ነበር። እያጉረመረምኩም ቢሆን እጠብስለታለሁ።

የሚያጠምድበት ክር ሁለት ዓይነት ነው። ዋናው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው፤ ብርቱ ነው፣ ነገር ግን ድንጋይ ወይም የአምባዛ አፍ ካሻሸው ይሳሳና ይበጠሳል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ፣ መስታወት የመሰለ ክር ይቀጠልለታል፤ መንጠቆው የሚታሰረው በዚያኛው ላይ ነው። ወንድሜ ያንን ቅጥያ «መሪው» ይለው ነበር፤ ሹፌር አይደል! አስቸጋሪው ሁለቱን ማገናኘቱ ነው። የተጎነጎነው ክር ስለሚያሟልጭ እንዲሁ ቢቋጥሩት ሲጎተት ሾልኮ ይወጣል። ወንድሜ መሪውን እኔን ያስይዘኝና «ወጥሪልኝ» ይላል። ከዚያ የተጎነጎነውን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያመላለሰ፣ እንደ ሹሩባ ይሠራበታል። በተጎተተ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ይልና በጥርሱ ይዞ አንዲት ነገር አድርጎ «አለቀ» ይላል። ያቺ መጨረሻ ሁልጊዜ በጭንቅላቱ ስለምትከለል አይቻት አላውቅም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደሴ ጭነት ይዞ ሲመለስ መኪናው ውርጌሳ አካባቢ ተገለበጠ። ሬሳውን ለአባቴ አላሳዩአቸውም፤ ሽማግሌዎቹ ከለከሉ። ያኔ ደግ አደረጉ ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።

አርባው የወጣው መርሳ ነው። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ሰዉም «እግዚአብሔር ይፍታው» ሲል ዋለ። ለቀስተኛው በልቶ ሲበተን አባቴ ተነሥተው ወደ ወንድሜ ክፍል ገቡ። ሲወጡ ከምስማሩ ላይ ያወረዱትን የዓሣ ማጥመጃ ክር ይዘዋል። በሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱ ክሮች የተገናኙበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት።

«ይኼን ማን አሰረው?»

«እሱ ነዋ።»

«የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ አባዬ። ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚያስረው።»

አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው፣ ሌላውን በእጃቸው ጠቅልለው ጎተቱ። ክሩ መዳፋቸውን ቆረጠው እንጂ ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። «ይሄስ ገመድ ሠሪ ነው!» ይህን በሕይወት እያለ ቢሰማ ኖሮ ስል እንባዬ መጣ። እንዳያዩኝ የዕድሩን ሰሃን ላጥብ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ስመለስ ክሩ ጭናቸው ላይ ለሁለት ተለያይቶ ተቀምጧል።

አባቴ ቋጠሮ የሚማሩት ፈትተው ነው። ገበያ ላይ የማያውቁት ቋጠሮ ካዩ ቀስ ብለው ይፈቱታል፤ ቃጫ ደግሞ የታሰረበትን መንገድ አይረሳም፤ እንደተጣመመ ስለሚቆይ መመለሻውን ራሱ ያሳያቸዋል። ይኼኛው ግን ከተፈታ በኋላ ልሙጥ ነው። የት ጋ እንደዞረ፣ ስንት ጊዜ እንደተሻገረ ምንም ምልክት የለበትም።

«ጫፉ እንደሁ ወዲያው ነው እሺ ያለኝ» አሉ፣ እጃቸውን እያዩ። «እሱን ስፈታው የቀረው ተዘረገፈ።»

ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «ምን ነካዎት አባዬ! ከእጁ ሥራ የቀረን እሱ ብቻ እኮ ነበር!»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ካህናቱ ሲፈቱት ዋሉ» አሉ። «እኔ ጨረስኩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ደጋ አልመለስም አሉ። አጨዳ ደርሷል፣ ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል፣ እሳቸው ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ክሮች ያገናኛሉ። የሚያውቁትን ቋጠሮ ሁሉ ሞከሩ። ሲጎትቱት ሾልኮ ይወጣል። እህላቸውን አንድ ሁለቴ ቀምሰው ይገፉታል፤ ቀንበር የተሸከመው ትከሻቸው ሲጎብጥ በዓይኔ አየሁት። ወንድሜን ቀብሬ እሳቸውን ደግሞ በዚህ ክር ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ። እኔ እንዳልሠራላቸው፣ ወጥሬ መያዙን እንጂ መሥራቱን አላውቅበትም። በመጨረሻ «ሐይቅ አብረውት ያጠምዱ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ እንሂድና ያሳዩን» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው ከእኔ ቀድመው ሚኒባስ ተራ ደረሱ።

ውርጌሳን ስናልፍ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ በመስኮት አየሁ። መንገድ ነው፤ ምንም የለበትም።

ሐይቁ ዳር ያገኘነው ሰው ከወንድሜ ጋር ብዙ ጊዜ ያጠመደ ጎልማሳ ነው። ማን መሆናችንን ስንነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «አላህ ያጽናዎት አባቴ» ብሎ የአባቴን ትከሻ ሳመ። የመጣንበትን ስነግረው አልሳቀብንም። ድንጋይ ላይ አስቀመጠንና መሪውን አባቴን አስያዛቸው። «ይወጥሩልኝ» አለ፣ ልክ እንደ ወንድሜ። የተጎነጎነውን ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች እያመላለሰ ቀስ ብሎ ሠራበት። አባቴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተላሉ። ሲያልቅ ተቀብለው ረግጠው ጎተቱት። ያዘ።

«ይኸው ነው!» አሉ። «ይኸው ነው ልጄ! ገባኝ!» በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ፤ ነገ ወደ አገራቸው ይገባሉ ብዬ አሰብኩ።

ሰውየው ግን ቋጠሮውን መልሶ ተቀበላቸውና ጫፉን አገላብጦ አየው። «የሱ ሙሉ በሙሉ እንዲህ አልነበረም» አለ። «ሹሩባውን እኛው ነን ያስተማርነው። መዝጊያው ግን የራሱ ነበር። እኛ ወደ ቀኝ ነው የምንዘጋው፤ እሱ ግራኝ ሳይሆን ወደ ግራ ይዘጋ ነበር። ስናሾፍበት ‹ይሄ የአባቴ ነው፣ ገበያ ላይ የሚታወቁት በዚህ ነው› ይለናል። እውነትም የሱ ለቆ አያውቅም።» ከዚያ ክሩን ለአባቴ ዘረጋላቸው። «እርስዎ ያውቁታላ! እስቲ ይዝጉት፣ እኛም እንየው።»

አባቴ ክሩን አልተቀበሉም። ግራ እጃቸውን አዩ። ጫፉ ለምን ወዲያው እሺ እንዳላቸው እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ እጃቸው የፈታው የገዛ ቋጠሯቸውን ነው።

ሰውየው ያልሰሙት መስሎት ክሩን ጠጋ አደረገላቸው። «ይዝጉት እንጂ አባቴ፣ የእርስዎ አይደል?»

አባቴ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«አላውቀውም» አሉ። «የሚያውቀው እሱ ነበር።»